ሠላሳ አንድ ጊዜ አንድ

ወዳጆቼ፣ አንድ ቁጥር ላስተዋውቃችሁ፦ 2,147,483,647። አሥር አሃዝ ስላለው ለማያውቀው ሰው የስልክ ቁጥር ይመስላል። በቃል ሲነበብ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ነው። በግእዝ አኃዝ ስጽፈው ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ሆኖ ወጣልኝ፤ ትልቁ ምልክታችን ፼ ሁለት ጊዜ መሰለፍ ግድ ሆኖበታል። ከዚህ ቁጥር ጋር ከተዋወቅሁ ቆይቻለሁ፤ እስካሁን ግን አልጠገብኩትም። ስልካችሁ አጠገባችሁ ካለ ካልኩሌተሩን ክፈቱና አብራችሁኝ ቁጠሩ።

ከሙዳይ እንጀምር። መስከረም 1 ቀን አንድ ብር ሙዳይ ውስጥ ጣሉ። በማግስቱ ሁለት ብር፣ በሦስተኛው ቀን አራት፣ በአራተኛው ስምንት፤ እንዲህ እያላችሁ በየቀኑ የትናንቱን እጥፍ ጨምሩ። መስከረም 7 ማታ ሙዳዩ ውስጥ ያለው 127 ብር ብቻ ነው፤ ማንም የሚዘልቀው ይመስላል። መስከረም 30 ላይ ግን የዕለቱ መዋጮ ብቻውን 536,870,912 ብር ይደርሳል። ጥቅምት 1 ቀን 1,073,741,824 ብር ጣሉና ሙዳዩን ስበሩት። በ31 ቀን የተጠራቀመው ገንዘብ ሳንቲም ሳይዛነፍ 2,147,483,647 ብር ነው! ጥቅምት 2 ልትጥሉት ከነበረው ገንዘብ የሚያንሰው በአንድ ብር ብቻ ነው። የሒሳብ ሰዎች ይህን ሁሉ አሳጥረው 2³¹ − 1 ብለው ይጽፉታል፤ 31 ሁለቶችን አባዝተህ ከውጤቱ ላይ አንድ ቀንስ ማለት ነው።

አሁን ያንኑ ሙዳይ በኮምፒውተር ዓይን እዩት። ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በጥያቄና መልስ ነው ብላችሁ አስቡ። የ1 ብሩ ገብቷል? ከገባ 1፣ ካልገባ 0። የ2 ብሩስ? የ4ቱስ? የ8ቱስ? ለምሳሌ 5 ብር ማለት የ4ቱ አለ፣ የ2ቱ የለም፣ የ1ዱ አለ፤ ስለዚህ 101 ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ቁጥር ግን አንድም ቀን ያልተዘለለበት ሙዳይ ስለሆነ ለ31ዱም ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው። በኮምፒውተር አጻጻፍ 31 አንዶች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው አንድም ዜሮ የለም። ይህን ሰልፍ አትርሱት፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ከእሱ የሚመዘዝ ነው።

የመጀመሪያው አስገራሚ ነገር ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ነው። 12 ወንበሮችን በሦስት ረድፍ አራት አራት አድርጎ መደርደር ይቻላል። 13 ወንበሮችን ግን ምንም ብትለፉ እኩል ረድፎች አይወጣችሁም፤ ያላችሁ ምርጫ አንድ ረጅም ረድፍ ብቻ ነው። እንዲህ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለውን ቁጥር ብቸኛ እንለዋለን። 2,147,483,647 ወንበሮች ቢኖሯችሁም ዕጣችሁ ያው አንድ ረድፍ ነው።

ይህን እንዴት ማወቅ ተቻለ? ወደ አንዶቹ ሰልፍ እንመለስ። ስድስት አንዶች፣ 111111፣ በእኛ አጻጻፍ 63 ማለት ነው። ሰልፉን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትቆርጡት 111 እና 111 ይሆናል፤ አንዱ ቁራጭ 7 ስለሆነ 63 ለ7 እኩል ይካፈላል። አያችሁ? የሰልፈኞቹ ብዛት እኩል መቆራረጥ ከቻለ ቁጥሩም ይከፈላል። ስለዚህ ሰልፉ ብቸኛ ቁጥር እንዲወልድ ከተፈለገ በመጀመሪያ የሰልፈኞቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ መሆን አለበት። 31 ብቸኛ ነው፤ ይህን ፈተና አልፏል። ነገር ግን ፈተናው በቂ አይደለም። 11ም ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 11 አንዶች ግን 2,047 ናቸው፤ 2,047 ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው። በዚህ ወጥመድ ስንቱ ሊቅ ወደቀ መሰላችሁ!

ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ካታልዲ እ.ኤ.አ. በ1588 የ17 እና የ19 አንዶች ሰልፎች (131,071 እና 524,287) ብቸኛ መሆናቸውን እያካፈለ አረጋገጠ። እዚያው ላይ የ23፣ የ29፣ የ31 እና የ37 ሰልፎችም ብቸኛ ናቸው አለ። ከአራቱ የቀናው በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የእኛ 31 ነው። በ1644 ደግሞ ፓሪስ ይኖር የነበረው መነኩሴ ማሪን መርሰን ብቸኛ ቁጥር ይሰጣሉ ያላቸውን ሰልፎች እስከ 257 ድረስ ዘርዝሮ አሳተመ። በእሱም ዝርዝር 31 አለ፤ ሁለት የተሳሳቱ ገብተዋል፣ ሦስት እውነተኞች ተረስተዋል። እንዲያም ሆኖ እነዚህ ቁጥሮች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በመርሰን ስም ነው። በዚያ ዘመን አሥር አሃዝ ያለውን ቁጥር በብዕርና በወረቀት መርምሮ «ይህ በእርግጥ ብቸኛ ነው» ማለት ከባድ ሥራ ነበር። ካታልዲ እንደሠራው በተራ ማካፈል ብቻ ልሂድ ያለ ሰው ከ46,340 በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር አለበት፤ እነሱም ወደ 4,800 ይጠጋሉ። (ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ የእኛን ቁጥር ያልፈዋል፤ ትልቅ አካፋይ ካለ ትንሹ ጓደኛው ቀድሞ ይያዛል።)

እዚህ ላይ ሌዮናርድ ኦይለር ይመጣል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1772፣ ቦታው ሴንት ፒተርስበርግ ነው። ዕድሜው 65 ሆኗል። አንደኛው ዓይኑ በወጣትነቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም በሞራ ተሸፍኖ ከብርሃን ጋር ተለያይቷል ማለት ይቻላል። ቤቱ ከተቃጠለ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። ያን ጊዜ የሚሠራው በአብዛኛው በቃሉ እያሰላ ለረዳቶቹ እያጻፈ ነበር። ይህ ሰው ለሒሳብ ሊቁ ለበርኑሊ በላከው ደብዳቤ 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ አስታወቀ፤ መንገዱንም ጠቆመ። እኔ በሒሳብ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ደብዳቤ የምወደው ጥቂት ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ በማሰብ ብቻ ወደ ስድሳ እጅ አቅልሎታል።

እንዴት አድርጎ? ሁለት ወንፊት ተጠቀመ። የመጀመሪያው ወንፊት የፈረንሳዊው ፌርማ ነው። የ31 አንዶች ሰልፍ ብቸኛ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ31 ሲካፈል ቀሪው የግድ 1 መሆን አለበት ይላል። ለምን? እጥፍ እያደረጋችሁ በየጊዜው ለ7 እያካፈላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ፦ 1፣ 2፣ 4፣ ከዚያ 8 ስለሚሆን ቀሪው እንደገና 1። ቀሪዎቹ በሦስት እርምጃ ተመልሰው ይዞራሉ። ለማንኛውም ከ2 በላይ ለሆነ ብቸኛ ቁጥር ይህ ዙር ሁልጊዜ ከቁጥሩ አንድ ሲቀነስ ለሚገኘው ይስማማል፤ ለ7 ሦስቱ ለ6 እንደተስማማው። አካፋያችን የ31 አንዶችን ሰልፍ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ እጥፉ በ31 እርምጃ ወደ 1 መመለስ አለበት፤ 31 ብቸኛ ስለሆነ ከዚያ ያጠረ ዙር የለም። ስለዚህ ከአካፋዩ ላይ አንድ ስንቀንስ የ31 ብዜት ይወጣል። ካላመናችሁኝ ቅድም ያየናቸውን 23 እና 89 ለ11 አካፍሏቸው፤ ሁለቱም 1 ይተርፋቸዋል።

ሁለተኛው ወንፊት ደግሞ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ መሆን አለበት ይላል። እንደገና 23ን እና 89ን ሞክሯቸው፤ የመጀመሪያው 7፣ ሁለተኛው 1 ይተርፈዋል። ሁለቱን ወንፊቶች ደራርባችሁ ስትነፉ የሚያልፉት ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ቁጥሮች ብቻ ይሆናሉ፦ 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559 እያለ ይቀጥላል። እስከ 46,340 ድረስ ቆጠርኳቸው፤ 373 ናቸው። ከነዚህም አብዛኞቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ፤ 63 እና 249 ለ3፣ 497 ለ7፣ 559 ለ13 ይካፈላሉ። መጨረሻ ላይ በእውነት መሞከር ያለባቸው ወደ ሰማንያ ገደማ ብቻ ይቀራሉ! የመጀመሪያው 311 ነው። በካልኩሌተራችሁ ሞክሩት፦ 311 በ6,905,092 ሲባዛ 2,147,483,612 ይሆናል፤ 35 ይተርፋል። ስለዚህ 311 ወደቀ። የሚቀጥለው 1,303 ነው። እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው ሲኬድ አንድም እኩል የሚያካፍል አልተገኘም።

ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ ወዲያው አንድ ሌላ ስጦታ ይዞ ይመጣል። 6ን ከራሱ በቀር የሚያካፍሉት 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ ራሱን 6ን ይሰጣሉ። 28ም እንዲሁ ነው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14። የጥንት ግሪኮች እንዲህ ያሉትን ፍጹም ቁጥሮች ብለዋቸዋል፤ ዩክሊድም የአንዶች ሰልፍ ብቸኛ በሆነ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚወለድ አሳይቷል። አወላለዱ ደስ ይላል፤ ከ1 ጀምራችሁ እስከ ሰልፉ ቁጥር ድረስ ያሉትን ሁሉ ደምሩ። እስከ 3 ስትደምሩ 6፣ እስከ 7 ስትደምሩ 28፣ እስከ 31 ስትደምሩ 496። ከ1 እስከ 2,147,483,647 ያሉትን በሙሉ ብትደምሩ ደግሞ 2,305,843,008,139,952,128 ይወጣል፤ ይህም ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ወደፊትም አይገኝም የሚል ግምት ጽፎ ነበር፤ ጥቅም ለሌለው ነገር ማን ይደክማል ብሎ ነው። በ1876 ፈረንሳዊው ኤዱዋርድ ሉካስ የ127 አንዶች ሰልፍ ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ ያ ቁጥር 39 አሃዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የ136,279,841 አንዶች ሰልፍ ብቸኛ ሆኖ ተገኘ፤ ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለው ነው። ሰው ይደክማል፤ ባርሎው ይህን አልገመተም።

የኦይለር ቁጥር ግን በሌላ በር ወደ እያንዳንዳችን ቤት ገብቷል። ኮምፒውተር ቁጥር የሚያስቀምጥባቸው ሣጥኖች ስፋት በ8፣ በ16፣ በ32 እና በ64 ቢት የተመጠነ ነው፤ አንድ ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከነዚህ አንዷ ቢት ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ይሁን በታች ለመለየት ትሰጣለች። በ32 ቢት ሣጥን ለቁጥሩ የሚቀሩት 31 ማብሪያዎች ናቸው፤ ሁሉም ሲበሩ 31 አንዶች! ስለዚህ ሣጥኑ የሚችለው ትልቁ ቁጥር የእኛው ወዳጅ ነው። በኮምፒውተር ጨዋታዎች የተጫዋቹ ሀብት 2,147,483,647 ላይ ደርሶ አልጨምርም ሲል ያያችሁ ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻም የኮሪያዊው ድምፃዊ ሳይ «ጋንግናም ስታይል» በዩቲዩብ ላይ ከዚህ ቁጥር በላይ ታይቷል፤ ለዚሁ ሲባልም የተመልካች ቆጣሪው ሣጥን ወደ 64 ቢት እንዲሰፋ ሆኗል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ለምልክቱ አንዷን ቢት ስንቀንስ ከየሣጥኑ የሚቀሩት ሰልፎች 7፣ 15፣ 31 እና 63 ናቸው። የ7 ሰልፍ 127 ነው፤ ብቸኛ። የ15 ሰልፍ 32,767 ነው፤ ይህ 7 ሲባዛ በ31 ሲባዛ በ151 ስለሆነ ይከፈላል። የ31 ሰልፍ ብቸኛ። የ63ቱ፣ የዩቲዩብ አዲሱ ጣሪያ 9,223,372,036,854,775,807፣ ሰልፉ ሦስት ሦስት ሆኖ ስለሚቆረጥ ለ7 ይካፈላል። ቀጥሎ የ128 ቢት ሣጥን ብንሠራ የሚቀረው 127 ነው፤ ያ ደግሞ ሉካስ በ1876 ያረጋገጠው ቁጥር ነው! የኮምፒውተር መሐንዲሶች ስለ ብቸኛ ቁጥር አስበው አልመረጡም፤ እነሱ የፈለጉት የሚመች የሣጥን ስፋት ነበር። ሆኖም ተራ በተራ ብቸኛ፣ ተከፋይ፣ ብቸኛ፣ ተከፋይ፣ ብቸኛ እየሆነ መጣላቸው። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቁጥሩ የሣጥን ጣሪያም ብቸኛም በአንድ ላይ መሆኑ ደግሞ ሥራ ላይ ውሏል። ኮምፒውተር በሒሳብ ብቻ እውነተኛ ዕጣ ማውጣት አይችልም፤ የሚችለው ዕጣ የሚመስል ሒሳብ መሥራት ነው። ስቴፈን ፓርክ እና ኪት ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 ለዚህ የሚሆን አንድ ቀላል መላ አቀረቡ። ከ1 ጀምር፣ በ16,807 አባዛ፣ ውጤቱን ለ2,147,483,647 አካፍልና ቀሪውን ያዝ፤ ከዚያ ቀሪውን እንደገና አባዛ። 16,807፣ ቀጥሎ 282,475,249፣ ቀጥሎ 1,622,650,073 እያለ ይሄዳል፤ ዓይን ምንም ሥርዓት አያይበትም። አካፋዩ ብቸኛ ስለሆነ ቀሪው ዜሮ ላይ ወድቆ አይቀርም። 16,807ም በጥንቃቄ የተመረጠ ስለሆነ ሰንሰለቱ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ጊዜ ጎብኝቶ ነው ወደ 1 የሚመለሰው። ለምስጢር ቁልፍ የሚታመን አይደለም፤ ለጨዋታና ለሙከራ ግን ለረጅም ዘመን አገልግሏል።

ጎረቤቶቹንም ሳላሳያችሁ አላልፍም። በአንድ የሚበልጠው 2,147,483,648 ከሁለት በቀር ሌላ ብቸኛ አካፋይ የለውም፤ ሁለት ብቻ 31 ጊዜ ነው። በአንድ የሚያንሰው 2,147,483,646 ደግሞ 2፣ 3፣ 3፣ 7፣ 11፣ 31፣ 151 እና 331 ሲባዙ የሚገኝ ነው። በቀኝም በግራም እንዲህ እንደ ዳቦ የሚቆረሱ ቁጥሮች ናቸው፤ መካከል ላይ ያለው ግን ጥርስ የማይበሳው ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ሰዓት ነው። በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው፤ መነሻቸው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ሰዓት፣ በእኛ ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ይህን ቆጠራ ወደ 64 ቢት ሣጥን አዛውረዋል፤ በየፋብሪካውና በየመሣሪያው ውስጥ ተቀብረው የቀሩ አሮጌ ሰዓቶች ግን አሁንም በ32 ቢት ሣጥን ይቆጥራሉ። በነሱ 2,147,483,647ኛው ሰከንድ ላይ 31ዱም ማብሪያዎች በርተው ይሞላሉ። ቀኑን አስልቼ በእኛ አቆጣጠር ስመልሰው ማመን አቃተኝ፤ ደግሜ፣ ሠልሼ አሰላሁት። ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት!

ሰዓቱ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ዋሽንግተን ላሉ ወገኖቻችን ገና የከተራ ምሽት 4 ሰዓት ከ14 ይሆናል። በጃንሜዳ ታቦታቱ በድንኳን አድረው፣ ካህናቱ በባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ፣ ሕዝቡ ነጠላውን ተከናንቦ ጠበሉን በሚጠብቅበት በዚያ ንጋት፣ ያልታደሰ አሮጌ ሰዓት ውስጥ 31 አንዶች ለአንድ ሰከንድ ሙሉ ሆነው ይቆማሉ። በሚቀጥለው ሰከንድ 31ዱም በአንድ ላይ ይጠፉና እስከዚያ ድረስ ተዘግታ የኖረችው የምልክቷ ቢት ብቻዋን ትበራለች፤ ቁጥሩም ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ይሆናል። ያ ሰዓት በዛሬው አቆጣጠራችን የሚያሳየው ዓርብ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድን ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ገና በዙፋናቸው ላይ ናቸው።